ከ20 ዓመት በፊት የታተመ የፒኤችፒ መጽሐፍ ገዛሁ፤ ኮዱ እምቢ አለ። ልቀጥል ወይስ ልተወው?

የማርቆሷ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ያለሁት ደብረ ማርቆስ ነው፤ አጎቴ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ጉርድ ፎቶ አትማለሁ። ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ (ድረ ገጽ የሚጻፍበትንና የሚዋብበትን) ለራሴ የሚሆን ያህል እችላለሁ። ሰርቨር በኩል (ገጹን በሚልከው ኮምፒውተር በኩል) ያለውን ለመማር ፈልጌ ባለፈው ለዘመድ ሠርግ አዲስ አበባ የሄድኩ ጊዜ ለገሃር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ከሚዘረጉት ልጆች ሰርቨር ላይ ስለሚሠራው የፒኤችፒ ቋንቋና መረጃ ስለሚከማችበት ዳታቤዝ ስለ ማይኤስኪውኤል የሚያስተምር የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገዛሁ። ስድስት መቶ ምናምን ገጽ ነው። ልጁ ከ500 ብር ጀምሮ፣ ጀርባው ስለተገነጠለ በ280 ለቀቀልኝ። የታተመበትን ዓመት ሳይ 2005 ይላል፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ቤት ገብቼ ሳስበው የእኛ 2005 አይደለም፣ የፈረንጆቹ ነው ለካ።

ለምን በቪዲዮ አትማሪም እንዳትሉኝ። ሞክሬዋለሁ። ሰውየው ሲጽፍ እጁን መከተል አቃተኝ፣ ወደኋላ እየመለስኩ ሳይ ፓኬጄ አለቀ፣ መብራትም ሄደ። የሱቁ ላፕቶፕ ያለ መብራት አንድ ሰዓት ከሩብ ብቻ ነው የሚቆየው። መጽሐፍ ግን በሻማም ይነበባል። መብራት ሲጠፋ ኮዱን ደብተር ላይ እገለብጣለሁ፣ ሲመጣ እተይበዋለሁ። ለሁለት ወር እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ ማለት ይቻላል።

ዓላማዬ ግልጽ ነው። አጎቴ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነው። 214 አባል አለው፤ መዝገቡ ሦስት ትልልቅ ደብተር ነው። ሰው ሲሞት በሌሊት ተነሥቶ ማን ከፍሏል፣ ማን ውዝፍ አለበት እያለ ደብተር ሲያገላብጥ ያድራል። ያንን ከላፕቶፑም ከስልኩም የሚታይ አድርጌ ልሠራለት ነው።

ችግሬ ደግሞ ይኸው። መጀመሪያ የጻፍኩትን ፋይል ሁለቴ ነክቼ ስከፍተው ኮዱ ራሱ ጽሑፍ ሆኖ መጣ። እሱን እንደምንም አለፍኩት፤ ዛምፕ የሚባለውን፣ የራስን ኮምፒውተር ሰርቨር የሚያደርግ ፕሮግራም ጭኜ በሎካልሆስት (በዚያው ሰርቨር አድራሻ) ስከፍተው ሠራ (ለምን እንደሠራ ግን አልገባኝም)። ምዕራፍ 9 ላይ ስደርስ መጽሐፉ ከዳታቤዝ ጋር አገናኝበት የሚለውን ትእዛዝ (ፋንክሽን) «ማይኤስኪውኤል ኮኔክት» ፊደል በፊደል አመሳክሬ ጻፍኩ፤ «እንዲህ የሚባል ፋንክሽን የለም» አለኝ። አራት ቀን ስሕተቴን ፈለግሁ። አንዲት ነጥብ አልሳትኩም። ስሕተቱ የኔ ነው የመጽሐፉ? ልቀጥል ወይስ 280 ብሬን ልርሳው?


ፈጣኑ፦

እህቴ ጊዜሽን አታቃጥዪ። ፒኤችፒ ሞቷል። ያ መጽሐፍ ለስኳር መጠቅለያ ነው የሚሆነው። ኖድ ተማሪ፤ ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ የሚያሠራ ነው፣ አንድ ቋንቋ ፊትም ኋላም ይሠራልሻል። በመጽሐፍ ፕሮግራሚንግ የተማረ ሰው ደግሞ እስከዛሬ አላየሁም።


ነጠላ ጥቅስ፦

ፈጣኑ፣ እንግዲህ ዛሬ አየህ። እኔ በመጽሐፍ ነው የተማርኩት፤ ያውም በፎቶ ኮፒ መጽሐፍ።

ፒኤችፒ ሞቷል የሚለውን ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ እሰማዋለሁ። የድረ ገጽ መሥሪያው ዎርድፕሬስ የተጻፈው በእሱ ነው። ዊኪፔዲያ የቆመበት ሚዲያዊኪም በእሱ ነው፤ አማርኛው ዊኪፔዲያ ጭምር። ኖድ ጥሩ ነው፣ አልጠላውም፤ ግን ልጅቷ እጇ ላይ ያለው መጽሐፍ ስለ ኖድ አይደለም። በፈረንጆቹ 2005 ኖድ ራሱ አልተወለደም፤ በ2009 ነው የመጣው።

የማርቆሷ፣ ስሕተቱ ያንቺ አይደለም። እነዚያ በ«ማይኤስኪውኤል» የሚጀምሩ የድሮ ፋንክሽኖች በፈረንጆቹ 2013 ፒኤችፒ 5.5 ላይ «አትጠቀሙባቸው» ተባሉ፤ በ2015 መጨረሻ 7.0 ሲወጣ ጨርሰው ተነቀሉ። አንቺ የጫንሽው ዛምፕ ውስጥ ያለው 8 ይመስለኛል። ስለዚህ አራት ቀን የፈለግሽው ስሕተት አንቺ ጋ አልነበረም። ቦታውን የያዘው፣ ዛሬ ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው፣ ፒዲኦ ይባላል።

ስለዚህ መጽሐፉን አትጣይው፣ ግን እንደ ዳዊትም አትድገሚው። ከውስጡ የማያረጅ ነገር አለ፤ ብራውዘሩ ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ ይመልሳል፣ ከመለሰ በኋላም ይረሳሻል። ያኔም እንዲህ ነበር፣ ዛሬም እንዲሁ ነው። ሱቃችሁን አስቢው። ደንበኛ ከበሩ በወጣ ቁጥር መልኩ የሚጠፋብሽ ቢሆን ምን ታደርጊያለሽ? ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ትሰጪዋለሽ፤ መሳቢያሽ ውስጥ ደግሞ በዚያው ቁጥር የሱን ጉዳይ ታስቀምጫለሽ። ብጣሿ ወረቀት ኩኪ ናት፤ መሳቢያው ውስጥ ያለው ሴሽን ነው። ይህን የሚያስረዳው ምዕራፍ ሃያ ዓመትም ቢሞላው አንብቢው። ሠንጠረዥን ከሠንጠረዥ ጋር ስለማገናኘት የሚለውንም እንዲሁ። አባልን አንድ ሠንጠረዥ፣ ክፍያን ሌላ ሠንጠረዥ አድርገሽ በአባል ቁጥር ካላያያዝሽ የአጎትሽን ሦስት ደብተር ወደ አንድ የተዝረከረከ ደብተር መቀየር ብቻ ነው የሚሆነው።

ለምን ሁለቴ ሲነካ እምቢ ብሎ በሎካልሆስት እንደሠራ ጠይቀሻል። ሁለቴ ስትነኪው ብራውዘሩ ፋይሉን ከዲስክ በቀጥታ አነሣው፤ መሐል ላይ ፒኤችፒ የሚያነብ ማንም የለም። የዛምፕ ኤችቲዶክስ ፎልደር ውስጥ አስገብተሽ በሎካልሆስት ስትከፍቺው ሰርቨሩ፣ አፓቼ የሚባለው፣ ተቀብሎ ለፒኤችፒ ይሰጠዋል፤ ፒኤችፒ ኮዱን ይፈጽምና ለብራውዘሩ ኤችቲኤምኤሉን ብቻ ያወጣለታል። «ሰርቨር በኩል» የሚባለው ሌላ ምሥጢር የለውም።

አሁን የኔን ልንገርሽ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ስለሆንሽ ይገባሻል። ባሕር ዳር ተማሪ ሆነን ለአሥራ ሁለት ልጅ አንድ መጽሐፍ ነበረችን። ኮፒ አስነሣናት። ያነሣው ልጅ ሃያ ምናምን ገጽ ዘሏል፤ ማናችንም አላወቅንም። የተዘለለው የሴሽን ምዕራፍ ኖሯል። ስለዚህ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራሁት የውጤት ማሳያ የተማሪውን ቁጥር አድራሻው ላይ ተሸክሞ ይዞር ነበር። ቁጥሯን ከ17 ወደ 18 ስትቀይሪያት የጎረቤትሽን ውጤት ታያለሽ። ልጆቹ በሁለት ቀን ውስጥ ደርሰውበት እርስ በርስ ውጤት ሲተያዩ እኔ «እንዴት አድርገው ነው የሚገቡት?» እያልኩ ፓስወርድ አስረዝማለሁ። አንቺም መጽሐፍሽ ጀርባው ተገንጥሏል ብለሻልና ገጽ እንዳይጎድል ቁጠሪው፤ የምሬን ነው።

ከመጽሐፍሽ የምትዘዪው ደግሞ አለ፤ ስለ ሎግኢን የሚለውን። በዚያ ዘመን ፓስወርድ በኤምዲ5 ነበር የሚደበቀው። ዛሬ እሱ መደበቅ አይባልም። «ፓስወርድ ሃሽ» እና «ፓስወርድ ቬሪፋይ» የሚባሉ ሁለት ፋንክሽኖች አሉ፤ ከ5.5 ጀምሮ አብረው ነው የሚመጡት፣ እነሱን ተጠቀሚ።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል፤ የዚህ ቤት ስሜም ከዚያ ነው የመጣው። የድሮ መጽሐፍ ሁሉ ከፎርም የመጣውን ጽሑፍ እንዳለ ከኤስኪውኤል ዐረፍተ ነገር (ለዳታቤዙ ከሚሰጠው ትእዛዝ) ጋር ይቀጥለዋል። እኔም እንዲያ ተምሬ ለአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኛ መመዝገቢያ ሠራሁ። ሦስት ሳምንት ያለ ችግር ሄደ። አንድ ቀን ጸሐፊዋ ደወለችልኝ፤ አንድ ሰው አልመዘገብ ብሏል። ሄጄ ባየው ስሙ በቁቤ የተጻፈ ኦሮምኛ ስም ነው፤ መሐሉ ላይ ሁዻ አለችበት፣ ያቺ እንደ ነጠላ ጥቅስ የምትጻፈዋ። ኤስኪውኤል ደግሞ ነጠላ ጥቅስ ሲያይ «ጽሑፉ እዚህ አለቀ» ነው የሚለው። ለጸሐፊዋ «ምልክቷን ትተሽ ጻፊያት» አልኳት። «ስሙ ነው እኮ! የሰው ስም እንዴት ነው የምቆርጠው?» አለችኝ። አፈርኩ። ማታ ቤት ገብቼ ሳስብ ደግሞ ላብ አጠመቀኝ፤ ምንም ክፋት የሌለው ስም ይህን ካደረገ፣ አውቆ ያቺን ጥቅስ የሚያስገባ ሰው ፓስወርድ ሳይኖረው ሊገባ፣ ሠንጠረዡን ሊያጠፋው ይችላል ማለት ነው። በፒዲኦ መጀመሪያ ዐረፍተ ነገሩን ቦታውን ክፍት ትተሽ ታዘጋጂዋለሽ፤ ከፎርም የመጣውን ለብቻው ታስረክቢዋለሽ። ያኔ ስሙ ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ ትእዛዝ አይሆንም። ይህን ከመጽሐፉ አታገኚውም፤ ከመመሪያው ነው የምታገኚው። የፒኤችፒ መመሪያ በነፃ ነው የሚወርደው፤ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ስትሄጂ አንዴ አውርደሽ ፍላሽ ላይ አስቀምጪው፣ ከዚያ በኋላ ኔትወርክ አትፈልጊም። መጽሐፉን በግራ፣ መመሪያውን በቀኝ። አዲስ ፋንክሽን ባገኘሽ ቁጥር መመሪያው ላይ ስሙን ፈልጊ፤ «ተነሥቷል» የሚል ካለ እዚያው ምን እንደተካው ተጽፏል። መጽሐፍሽም ጠርዝ ላይ በእርሳስ አርሚው።


የደለስ ወረፋ፦

እኔ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት፤ ታክሲ ስነዳ ደለስ ኤርፖርት ወረፋ ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነው የተማርኩት። ከካውንቲው ላይብረሪ እዋሳለሁ፣ ሦስት ሳምንት ሲሞላ አስመልሼ እንደገና እዋሳለሁ። አንዱን መጽሐፍ ስድስቴ ተውሼዋለሁ። ከነጠላ ጥቅስ ጋር እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ልጨምር።

እህቴ፣ አሮጌ ዊንዶውስ ላይ ከሆንሽ በኖትፓድ እንዳትጽፊ። ኮዱ ውስጥ አማርኛ ስለምታስገቢ «ዩቲኤፍ-8» (የአማርኛን ፊደል የሚይዘው የጽሑፍ አቀማመጥ) ብለሽ ማስቀመጥሽ አይቀርም፤ የድሮው ኖትፓድ ደግሞ እንዲያ ሲያስቀምጥ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የማትታይ ምልክት ያስገባል። ቤቴ ሆኖ ምንም አላለኝም። ሆስቲንግ (ኢንተርኔት ላይ ያለ ሰርቨር) ላይ ስጭነው «ሄደር ቀድሞ ተልኳል» እያለ ሎግኢኑ እምቢ አለ። ሁለት ሌሊት ሙሉ ገጹን አፍጥጬ አየሁት፤ የማይታይ ነገር እንዴት ይታያል? ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ወይም ቪኤስ ኮድ አውርጂ፣ ያለ «ቦም» (ያቺ የማትታየዋ ምልክት) አስቀምጪ። የፋይል ስም ደግሞ ሁሉንም በትናንሽ ፊደል ጻፊ፤ ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን አይለይም፣ ሆስቲንጉ የሚሠራበት ሊኑክስ ግን ይለያል።


የማርቆሷ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገጹን ቆጠርኩት፤ ከ402 ወደ 405 ይዘላል፣ አንድ ቅጠል ነው የጎደለው። ስለ ኢሜይል መላክ ስለነበር ተርፌያለሁ።

አሥራ አምስት ቀን ጠፍቼ የቆየሁት ስሠራ ነው። በፒዲኦ ተገናኘሁ! የመጀመሪያውን አባል ስመዘግብ ግን የገባው ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ወጣ፤ «????»። ሁለተኛ፣ ነጠላ ጥቅስ፣ አንተ ባልከው በፓስወርድ ሃሽ ሎግኢን ሠራሁ፤ ፓስወርዴን በትክክል ጽፌ ሁልጊዜ «ተሳስተሻል» ይለኛል። ሦስተኛው አስቂኝ ነው፤ «አበበ»ን ይቀበላል፣ «ወልደማርያም»ን «ስሙ በዛ» ብሎ ይመልሳል። መጽሐፉ ስም ከ20 ፊደል አይብለጥ ይላል፤ ወልደማርያም ሰባት ፊደል ነው። የእድሩ ሊቀመንበር ስም ስለሆነ ካልተመዘገቡ ነገሩ አይጀመርም።


ነጠላ ጥቅስ፦

ሦስቱም የሚያስቁኝ ሳይሆን የሚያስደስቱኝ ናቸው፤ ሦስቱንም አልፌባቸዋለሁና።

ከሊቀመንበሩ ልጀምር። መጽሐፉ ርዝመት የሚለካው በ«ስትርሌን» አይደል? እሱ ፊደል አይቆጥርም፣ ባይት (ፊደሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚይዘውን ቦታ) ነው የሚቆጥር። የላቲን ፊደል አንዱ አንድ ባይት ነው፤ የኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል። ሰባት ጊዜ ሦስት ሃያ አንድ። በአንዲት ባይት ነው ሊቀመንበሩን ከእድር ያስወጣሻቸው። «ኤምቢ ስትርሌን» ብለሽ ቀይሪው፤ ሰባት ይልሻል። ጽሑፍ የሚቆርጠውንም «ሰብስትር» በ«ኤምቢ ሰብስትር» ቀይሪ፤ አለበለዚያ ፊደል መሐል ገብቶ ይገምሰዋል።

የጥያቄ ምልክቱ፦ መጽሐፉ ሠንጠረዡን ሲፈጥር መጨረሻ ላይ «ላቲን 1» የሚል ነገር ጽፎ ይሆናል፤ አንቺም ገልብጠሽዋል። ላቲን 1 ውስጥ «ሀ» የምትቀመጥበት ቦታ ስለሌለ ዳታቤዙ ጥያቄ ምልክት ተክቶ ያስገባል። የገባው ጠፍቷል፣ አይመለስም፤ ሠንጠረዡን አፍርሰሽ «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» (የዳታቤዙ ዩቲኤፍ-8 ነው) ብለሽ እንደገና ፍጠሪው። ፒዲኦ ሲገናኝም ያንኑ ንገሪው። ይህን ገና አንድ ስም ላይ ሳለሽ ማየትሽ ዕድለኛ ነሽ፤ እኔ 900 ስም ካስገባሁ በኋላ ነው ያየሁት።

ሎግኢኑ ደግሞ የፓስወርድ ዓምዱን 32 ፊደል አድርገሽዋል ብዬ እወራረዳለሁ። ኤምዲ5 ልክ 32 ስለሆነ መጽሐፉ እንዲያ ነው የሚያደርገው። ፓስወርድ ሃሽ የሚያወጣልሽ 60 ነው። ዛምፕ ላይ ያለው ዳታቤዝ ትርፉን ምንም ሳይናገር ቆርጦ ይጥለዋል፤ የተቆረጠ ደግሞ ከሙሉው ጋር መቼም አይመሳሰልም። 255 አድርጊውና ፓስወርዱን እንደ አዲስ አስገቢ።

አንድ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ፤ ፍለጋ ስትሠሪ አጎትሽ «ኃይሉ» ብለው የመዘገቡትን ሌላው ሰው «ሀይሉ» ብሎ ይፈልገዋል፣ አያገኘውም። ለኮምፒውተሩ ሀ፣ ሐ፣ ኀ የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። ስሙን እንደተጻፈ አስቀምጪ፤ ከጎኑ ሌላ ዓምድ ፍጠሪና ሀን ከነዘመዶቹ፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን ወደ አንድ አምጥተሽ ጻፊበት። የሚፈለገውንም ቃል እንዲሁ ለውጠሽ በዚያ ዓምድ ፈልጊ። አራተኛውን «ሃ» እንዳትረሺ፤ እሱም እንደ «ሀ» ነው የሚነበብ። የፈረንጅ መጽሐፍ ይህን እንዲጽፍልሽ አትጠብቂ።


ፈጣኑ፦

32 እና 60 የሚለውን እኔም አላውቀውም ነበር። ስለ ስኳር መጠቅለያው ይቅርታ።


የማርቆሷ፦

32 ነበር! ከየት አወቅህ? ሠርቷል፤ ሊቀመንበሩም ተመዝግበዋል። የፍለጋውን ዓምድ ለመሥራት ሦስት ማታ ፈጅቶብኛል፤ «ዓለሙ»ን በአራት ዓይነት ጽፌ ፈለግሁት፣ አራቱንም ጊዜ አገኘው።

ትናንት ማታ ለአጎቴ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ 40 አባል እስካስገባሁበት ድረስ አንድ በአንድ ከደብተሩ ጋር አመሳከረ። ሁለት ቦታ ስሕተት አገኘ፤ አንዱ የኔ ነው፣ ሌላው ግን ደብተሩ ላይ የተሳሳተው እሱ ራሱ ኖሯል፤ ዝም ብሎ አለፈው። ከዚያ የክፍያውን ገጽ ከፈትኩለት። ከመስከረም እስከ ነሐሴ አሥራ ሁለት ሳጥን ደርድሬ ነበር። ብዙ አየውና «ጳጉሜን ላይ የሞተብን ሰው እንደሆነ ውዝፉ እስከየት ነው የሚቆጠረው?» አለኝ።

መጽሐፉን አገላበጥኩ። እንግዲህ በሌላ ጥያቄ እመጣለሁ።